ኩላሊት ከተተከለለት ታካሚ ጋር ናይት ስታድሩ

ማታ 3 ሰዓት ሲሆን የጠያቂው ኮቴ ከኮሪደሩ ይጠፋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድረስ ለታካሚው ከሁሉ የምትቀርቡት እናንተ ናችሁ። ሲኒየር ሐኪሙ ቤቱ ገብቷል። ተረኛው ሬዚደንት ሐኪም ሌላ ዋርድ ተጠርቶ ይሆናል። አዲሱ ኩላሊት ግን ሌሊት ነው ብሎ ሥራውን አያቆምም፣ ችግር ሲገጥመውም ንጋትን አይጠብቅም።

ይህን የምጽፈው ንቅለ ተከላ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ናይት ለምትገቡ ነርሶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ ነው። አገራችን የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የከፈተችው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አግዘው። ሥራው ለእኛ ገና ወጣት ነው። እኔም የተማርኩት አብዛኛውን ከቀደሙኝ ሲስተሮች አፍ ነው። የሰማሁትንና በእጄ ያየሁትን ነው የማካፍላችሁ። የማነሣቸው ቁጥሮች ግን የሆስፒታላችሁን ፕሮቶኮልና የሐኪሙን ኦርደር አይተኩም።

ከቤት ሳትወጡ

ከሰዓት በኋላ ተኙ። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ብትተኙ እንኳ ሌሊቱ ላይ ለውጡን ታዩታላችሁ። ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥቡና ጉዳይ ሲያስፈጽሙ ውሎ ናይት መግባት የተለመደ ነው፣ አውቃለሁ። እዚህ ክፍል ግን አይሠራም። የምትሰጡት መድኃኒት በግማሽ ሚሊ ግራም የሚለካ ነው።

ራሳችሁንም ፈትሹ። ጉንፋን ይዟችኋል? ከንፈራችሁ ላይ ምች ወጥቷል? ሆዳችሁ ተበላሽቷል? ከቤት ሳትወጡ ለኃላፊዋ ደውላችሁ ተናገሩ። ሌላ ክፍል ትመደባላችሁ ወይም ፈረቃ ትቀይራላችሁ። ለእናንተ የሦስት ቀን ጉንፋን የሆነው ሰውነቱ እንዳይከላከል በመድኃኒት ለተያዘ ሰው የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። “ሰው የለም፣ ማስክ አድርጌ ልግባ” ማለት ጉብዝና አይደለም።

ርክክቡ አልጋው አጠገብ ይሁን

ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከቻርት እያነበቡ መረካከብ ይቅር። ወደ አልጋው ሂዱ። ታካሚው ነቅቶ ከሆነ ስማችሁን ነግራችሁት፣ “ዛሬ ሌሊት አብሬህ ነኝ” በሉት።

ከዚያ ተሰናባቹን ነርስ ጠይቁ። ኩላሊቱን የሰጠው ማን ነው? ከቀዶ ሕክምናው ስንት ሰዓት ሆነ? የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዓታት ሽንት ስንት ስንት ነበር? ሐኪሙ “ከዚህ በታች ከሆነ ጥሩኝ” ያለው ቁጥር ስንት ነው? ይህ ቁጥር ካልተጻፈ ሬዚደንቱ ከመሄዱ በፊት አስጽፉት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ “ይህ ትንሽ ነው ወይስ ደህና ነው?” እያላችሁ ከራሳችሁ ጋር አትከራከሩም።

አዲስ ነርሶች የሚዘሉት አንድ ጥያቄ አለ። ታካሚው ከመተከሉ በፊት በቀን ምን ያህል ይሸና ነበር? የኩላሊት እጥበት (ዳያሊሲስ) ላይ ካሉት መካከል ለዓመታት ጠብታ ሽንት ያላዩ አሉ። በቀን አንድ ሊትር የሚሸኑም አሉ። የራሳቸው ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ ሳይወጡ እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ ቀድሞም ይሸና የነበረ ሰው ባጉ ውስጥ ሽንት ስላለ ብቻ አዲሱ ኩላሊት እየሠራ ነው ማለት አይደለም። ምንም ያልነበረው ሰው ጋር ግን እያንዳንዷ ጠብታ የአዲሱ ኩላሊት ናት።

ቱቦዎቹን ከታካሚው ገላ ጀምራችሁ እስከ መጨረሻቸው በእጃችሁ ተከተሉ። ሽንት የሚያወርደው ካቴተር፣ ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያስወጣው ድሬይን፣ የአንገቱ የደም ሥር መስመር፣ ፈሳሽ የሚሰጠው ፓምፕ። ፓምፑ ላይ ያለው ቁጥርና ኦርደሩ አንድ መሆናቸውን ሁለታችሁም እዩ። በመጨረሻ የሽንት ባጉን አብራችሁ ለኩ፣ አብራችሁ ድፉ። የእናንተ ሌሊት ከዜሮ ይጀምር።

በራሳችሁ ዓይን እዩት

አዲሱ ኩላሊት ያለው ጀርባ ላይ ሳይሆን ከፊት፣ ከእምብርት በታች በጎን በኩል ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ። ቦታውን ሳትጫኑ በእጃችሁ መዳፍ ዳሱት። አሁን እንዴት እንደሆነ ካላወቃችሁ ከአራት ሰዓት በኋላ መወጠሩን በምን ታውቃላችሁ? ፋሻውን እዩ። ደም ካረጠበው ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩና ሰዓቱን ጻፉበት። ከመስመሩ ካለፈ እያደገ ነው።

ፊስቱላ (ለእጥበት ተብሎ በቀዶ ሕክምና የተገናኘ ደም ሥር) ያለበትን ክንድ ለዩ። ጣታችሁን ስታሳርፉበት ንዝረት ይሰማችኋል። ካልተሰማችሁ አሁኑኑ ተናገሩ። በዚያ ክንድ ቢፒ (የደም ግፊት) አይለካም፣ መርፌ አይገባም፣ ደም አይቀዳም። “አሁንማ ተተክሎለታል፣ ምን ያደርግለታል” የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አዲሱ ኩላሊት ሥራ ለመጀመር ቀናት ቢዘገይ ታካሚው ወደ እጥበት የሚመለሰው በዚያው ክንድ ነው።

ሽንት፣ በየሰዓቱ

የመጀመሪያው ሌሊት ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ በዙሪያው ነው የሚሠራው።

በሕይወት ካለ ዘመድ የመጣ ኩላሊት ብዙ ጊዜ ገና ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይወጣ ሽንት ይጀምራል። በአንድ ሌሊት ብዙ ሊትር ሊወጣ ይችላል። ባጉ ሲሞላ ሁላችንም ደስ ይለናል። ግን ይህ ሁሉ ውኃ ጨውና ፖታሲየም ይዞ ነው የሚወጣው። በኦርደሩ መሠረት የወጣውን በወጣው ልክ በፈሳሽ መተካት አለባችሁ። ካልተካችሁ ቢፒው ይወርዳል። ለአዲስ ኩላሊት ደግሞ ከቢፒ መውረድ የከፋ ጠላት ጥቂት ነው። ብዙ ከተካችሁ ሳንባው ላይ ውኃ ይሞላል። ስለዚህ የገባና የወጣውን በየሰዓቱ ደምሩ። በተቻለ መጠን በየሰዓቱ የሚለካበት መለኪያ ያለው ባግ ይኑራችሁ፤ ከሌለ በመለኪያ ጆግ እየደፋችሁ ለኩ።

ሰዓቱ ሲደርስ ለኩ፣ ወዲያው ጻፉ። ይህን የማጠብቀው ምክንያት አለኝ።

ናይት በጀመርኩባቸው ወራት አንድ ሌሊት ሁለት ታካሚ ይዤ ነበር። አንዱ ሕመም በዝቶበት እሱ ጋር ቆየሁ። የሌላውን የ7 ሰዓት ሽንት “ከ8ቱ ጋር አብሬ እለካዋለሁ” ብዬ ተውኩት። 8 ሰዓት ላይ ስሄድ ባጉ ውስጥ 70 ሚሊ ሊትር ነበር። ከዚያ በፊት በሰዓት 300 ሲሸና የነበረ ሰው ነው። ሬዚደንቱን ጠራሁት። የመጀመሪያ ጥያቄው “መቼ ነው የቆመው?” የሚል ነበር። መልስ አልነበረኝም። ቱቦው ውስጥ የረጋ ደም ነበር። በጥንቃቄ ሲያጥበው ሽንቱ እየፈሰሰ ወረደ። ታካሚው ደህና ሆነ። ያቺ ያልለካኋት የ7 ሰዓት መስመር ግን ቻርቱ ላይ ባዶዋን ቀረች። አልሞላኋትም። እናንተም ያልለካችሁትን ሰዓት በግምት እንዳትሞሉ። ባዶ መስመር እውነቱን ይናገራል።

ሽንቱ ካለፈው ሰዓት በግማሽ ከወረደ ወይም ከተጻፈው ቁጥር በታች ከሆነ ይህን በቅደም ተከተል አድርጉ፤ ሁሉም ከአሥር ደቂቃ አይለፍ።

መጀመሪያ ቱቦው። ታካሚው ተኝቶበታል? ጭኑ ሥር ታጥፏል? ባጉ ከፊኛው በላይ ተሰቅሏል? መክፈቻው ተዘግቶ ቀርቷል? ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ነው።

ቀጥሎ ሽንቱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩ። ቀይ ነው? የረጋ ደም አለው? የሆዱ ታችኛው ክፍል ተወጥሯል? ታካሚው “ሽንቴ መጣ” እያለ ይጨነቃል? ይህ መዘጋትን ያሳያል። ካቴተሩን ለማጠብ ግን ኦርደር ያስፈልጋችኋል። የኩላሊቱ ቱቦ ከፊኛው ጋር ገና መሰፋቱ ነው። በኃይል የተገፋ ሲሪንጅ ስፌቱን ሊያፈርሰው ይችላል። ትንሽ ፈሳሽ፣ ቀስ ብሎ፣ እጅግ ንጹሕ በሆነ እጅ።

ከዚያ ቢፒና የልብ ምት። ወርዶ ከሆነ ኩላሊቱ የሚያጣራው ደም አጥሮት ይሆናል። ድሬይኑንም እዩ። በድንገት በደም ከሞላ እየደማ ነው። ሽንቱ ቀንሶ ድሬይኑ ውስጥ ንጹሕ ፈሳሽ ከበዛ ደግሞ ሽንቱ በስፌቱ በኩል እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ አይታችሁ መልስ ካጣችሁ ስልኩን አንሡ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሽንት ድንገት ቀጥ ሲል አንዱ የሚፈራው ነገር የኩላሊቱ ደም ሥር መዘጋት ነው። ይህ ከሆነ የደም ፍሰቱን የሚያሳይ ዶፕለር አልትራሳውንድና የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው የሚያስፈልገው፣ ኩላሊቱም የሚተርፈው በደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

የሰጠውም ሰው ታካሚ ነው

እኛ ጋር ኩላሊት የሚሰጠው ዘመድ ነው። እናት፣ ወንድም፣ እህት፣ አንዳንዴ ባል ወይም ሚስት። ጤነኛ ሆኖ ገብቶ ቆስሎ የተኛ ሰው ነው። ሁሉም ሰው ወደ ተቀባዩ ስለሚሮጥ ለጋሹ ይረሳል። ሕመሙን ጠይቁት። ቢፒውን፣ ሽንቱን፣ ቁስሉን እዩለት። በየሰዓቱ ጥቂት ጊዜ በጥልቀት እንዲተነፍስና እንዲስል ትራስ ሆዱ ላይ አስይዛችሁ እርዱት። እግሩን ያንቀሳቅስ።

አንዲት እናት አልረሳም። ልጇ ሦስት ዓመት እጥበት ላይ ነበር። ሌሊቱን ከእንቅልፍ በነቃች ቁጥር ጥያቄዋ አንድ ነበር፦ “ልጄ ሸና?” ስለ ራሷ ቁስል አንድ ጊዜም አልጠየቀችም። “አዎ እናቴ፣ ባጉን ሦስቴ ደፍተናል” ስላት ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ቆየች። ከዚያ ወዲህ ለጋሹ ጋር ስገባ ሳይጠይቀኝ ቁጥሩን እነግረዋለሁ። ተቀባዩ የፈቀደውን ያህል፣ ሳልዋሽ። ሽንቱ ቀንሶ ከሆነም “ደህና ነው” አልልም። “ሐኪሞቹ እያዩት ነው፣ እነግርዎታለሁ” እላለሁ።

መድኃኒቱና ሰዓቱ

ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይገፋዋል። ይህን የሚያስቆሙት መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፦ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን። ታክሮሊመስ በ1984 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ በጹኩባ አካባቢ ካለ አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የመጣ ነው። ከአፈር ወጥቶ የስንቱን ሰው ኩላሊት አቆየ። ግን ስስ ነው። ደም ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ሲወርድ ኩላሊቱ ይገፋል፣ ትንሽ ሲወጣ ራሱ መድኃኒቱ ኩላሊቱን ይጎዳል።

ስለዚህ በየ12 ሰዓቱ፣ በሰዓቱ። ማታ 2 ሰዓት ከሆነ ማታ 2 ሰዓት ነው። ቀን አንዴ የሚወሰደውና ቀን ሁለቴ የሚወሰደው ታክሮሊመስ ስማቸው ቢመሳሰልም አንዱ በሌላው ቦታ አይሰጥም፤ እሽጉን አንብቡ። ታካሚው ከዋጠ በኋላ ካስመለሰው ከራሳችሁ ደግማችሁ አትስጡ። ስንት ደቂቃ እንደቆየና እንክብሉ ትውከቱ ውስጥ ታይቶ እንደሆነ ጽፋችሁ ደውሉ። ማይኮፌኖሌት ጽንስን ይጎዳል። እርጉዝ የሆናችሁ ወይም ልትሆኑ የምትችሉ እንክብሉን አትክፈቱ፣ አትፍጩ። ሌሎቻችሁም በጓንት ያዙት።

የሰዓት ነገር ካነሣን የእኛን አገር ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ውጭ አገር ተተክሎለት ተመለሰ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 8 እና 8 ነው። እሱ በሐበሻ አነበበው። ለወራት ቀን 8 ሰዓትና ሌሊት 8 ሰዓት እያለ ማንቂያ ደውሎ ይወስድ ነበር። 12 ሰዓቱን አልሳተውም፣ ጎበዝ ነው። ችግሩ የመጣው ደም ምርመራው ላይ ነው። የታክሮሊመስ መጠን የሚለካው ከሚቀጥለው ዶዝ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ዝቅ ባለበት ሰዓት ነው። እሱ ጠዋት 2 ሰዓት ሲቀዳ መድኃኒቱን ከወሰደ ገና 6 ሰዓቱ ነበር። ውጤቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ይህን ያላወቀ ሐኪም ዶዙን ሊቀንስበት ነው ማለት ነው። አንዲት ነርስ “በስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?” ብላ በመጠየቋ ብቻ ታወቀ። እናንተም “በሰዓቱ ይወስዳሉ?” ብላችሁ አትጠይቁ። “ጠዋት ነው ቀን? ፀሐይ የት ስትሆን?” በሉ። ስትጽፉም “ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት” ብላችሁ በቃል ጻፉት።

አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ ቆም በሉ። ሌሊት የሚጠራው ተረኛ ሐኪም ታካሚውን ላያውቀው ይችላል። ሪፋምፒሲንና ፊኒቶይን ታክሮሊመስን ያወርዱታል። ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ከፍ ያደርጉታል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለኩላሊቱ አይሆኑም። እኛ አገር ቲቢ ብዙ ስለሆነ ሪፋምፒሲን እንግዳ መድኃኒት አይደለም። “ዶክተር፣ ታካሚው ታክሮሊመስ ላይ ነው” ማለት ትእዛዝ መጣስ አይደለም።

እጁ መንቀጥቀጥ፣ ራስ ምታት፣ የደም ስኳር መጨመር፣ የፖታሲየም መጨመር ከታክሮሊመስ ጋር ሊመጡ ይችላሉ። ፖታሲየም ከ6 ካለፈ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) አንሥታችሁ ሐኪሙን ወዲያው ጥሩ። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ስኳርም ይጨምራል፣ እንቅልፍም ይነሣል። ሌሊቱን ዓይኑ ፈጦ የሚያድር፣ ያለ ምክንያት የሚያለቅስ ወይም የሚቆጣ ታካሚ ካያችሁ ጸባዩ ነው ብላችሁ አትለፉት። ጻፉት፣ ለጠዋት ቡድን ንገሩ።

ትኩሳት

38 ዲግሪ ከሆነ ይደወላል። እስኪነጋ ማቆየት የለም። ግን 38ን ብቻ አትጠብቁ። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ትኩሳቱ ሊሸፈን ይችላል። 36.5 የነበረ 37.6 ከሆነ፣ ብርድ ብርድ ካለው፣ ልቡ ከፈጠነ፣ እናንተም “የሆነ ነገር ትክክል አይደለም” ካላችሁ ተናገሩ። ሐኪም ሳይሰማ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ ትኩሳቱን አታጥፉት።

እጅ መታጠቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ስትደክሙ የምትዘሉት ግን እሱን ነው። አልኮሉን አልጋው እግር ላይ አንጠልጥሉት። መስኮቱን ዝጉ። አዲስ አበባ ውስጥ ግንባታ የሌለበት ሰፈር ጥቂት ነው፣ ከአቧራው ጋር የሚመጣው ሻጋታ ሳንባቸውን ይጎዳል።

ሐኪሙን መቀስቀስ

ብዙ ነርስ የሚፈራው ይህን ነው። እኔም እፈራ ነበር። “ለዚህ ነው የቀሰቀስሽኝ?” መባል ያማል። የሚረዳው ተዘጋጅቶ መደወል ነው። ቻርቱ እጃችሁ ላይ ይሁን። እንዲህ በሉ፦

“ዶክተር፣ ከንቅለ ተከላ ዋርድ ናይት ነርስ ነኝ። አልጋ 2፣ ዛሬ የተተከለለት፣ ለጋሹ ወንድሙ። ሽንቱ 280 ነበር፣ ባለፈው ሰዓት 90፣ አሁን በግማሽ ሰዓት 20። ቢፒ 110 በ70፣ ቀድሞ 140 ነበር። ቱቦው አልታጠፈም፣ የረጋ ደም የለም፣ ድሬይኑ አልጨመረም። መጥተው እንዲያዩት እፈልጋለሁ።”

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር አትተዉ። የምትፈልጉትን ካልተናገራችሁ “እሺ፣ ተከታተሉት” ተብሎ ስልኩ ይዘጋል። የታዘዘላችሁን መልሳችሁ አንብቡለት። ካልመጣና ከተባባሰ ቀጥሎ ያለውን ሐኪም ጥሩ። የደወላችሁበትን ሰዓት ጻፉ።

ከቤት የመጣው ሳህን

አስታማሚ በፍቅር ነው የሚያመጣው። ክትፎ፣ ጥሬ ወተት፣ እርጎ፣ ከገዳም የመጣ ጸበል፣ አንዳንዴ የተቀቀለ ቅጠል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ለእነዚህ ሰዎች አይሆንም። የባህል መድኃኒትም ሐኪማቸው ሳያውቅ አይጀመርም። ነገሩ አነጋገሩ ላይ ነው። ጠርሙሱን ነጥቆ መውሰድ ሰውን ያስቀይማል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ተደብቆ ነው የሚመጣው። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ “እናቴ፣ ጸበሉ ከሥዕሉ ጎን ይቀመጥ። ቁስሉ ገና ስለሆነ ዛሬ አይጠጣም፣ አይረጭም። ነገ ዶክተሩን አብረን እናነጋግራቸዋለን።” እስከ ዛሬ እምቢ ያለኝ የለም። ስለ ጾምም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጾም ገብቷል ብሎ የጠዋቱን መድኃኒት ወደ 9 ሰዓት የሚገፋ ሰው አለ። የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይቀላል። ሙስሊም ታካሚም በረመዳን ከመጾሙ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ከሌሊቱ 9 እስከ 11

ሰውነታችሁ የሚከዳችሁ በእነዚህ ሰዓታት ነው። የሰውነት ሙቀት ዝቅ ይላል፣ ዓይን ይከብዳል፣ አንድን መስመር ሦስት ጊዜ ታነባላችሁ። ይህ ስንፍና ሳይሆን የሰው ተፈጥሮ ነው፤ ስለዚህ ተዘጋጁለት። በዚህ ሰዓት የሚሰላ ዶዝ ካለ ሁለት ሰው ያስላው፣ ለየብቻ። ቆማችሁ ሥሩ። መብራቱን አብሩ፣ ታካሚው ላይ ሳይሆን እናንተ የምትጽፉበት ላይ።

ቡና ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት ይጠጣ። ከዚያ በኋላ የጠጣችሁት ጠዋት አልጋ ላይ አብሯችሁ ይተኛል። እራት ከባድ ከሆነ 9 ሰዓት ላይ ይጥላችኋል። ከመግባታችሁ በፊት በደንብ ብሉና ሌሊት 6 ሰዓት አካባቢ ቀለል ያለ ነገር ይበቃል፦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ትንሽ ዳቦ። ክፍላችሁ ከፈቀደ ታካሚያችሁን ለባልደረባ በቃል አስረክባችሁ 20 ደቂቃ ተኙ። ተደብቆ ወንበር ላይ ማንቀላፋት ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ታካሚውን የሚያይ ሰው አይኖርም።

ታካሚውንም አስተኙት። ቢፒ፣ ደም ስኳርና ሽንት በየተራው መቀስቀሻ አይሁኑ። አንድ ላይ አድርጓቸው።

ሲነጋ

ክሬአቲኒን (የኩላሊቱን ሥራ የሚያሳየው)፣ ፖታሲየም፣ የደም ቆጠራ በጊዜ ይቀዳ፤ ውጤቱ የሐኪሞቹ ራውንድ ሳይጀመር ይድረስ። የታክሮሊመስ ደም ካለ ታካሚውም አስታማሚውም “ደም ሳይቀዳ መድኃኒቱ እንዳይዋጥ” ይባሉ። አልጋው ራስጌ ላይ በትልቁ ጻፉት። ተነሥቶ መቆም የሚችለውን መዝኑ፤ በአንድ ሌሊት የጨመረ ኪሎ ውኃ ነው። የሌሊቱን ገቢና ወጪ ደምራችሁ አስረክቡ። ያሳሰባችሁ ነገር ካለ፣ ቁጥር ባይኖረውም ለቀን ነርሷ ንገሯት።

ቤት ስትደርሱ

እንቅልፍ ከያዛችሁ መኪና አትንዱ። ታክሲ ያዙ። ከመኝታ በፊት ትንሽ ብሉ፣ ስልኩን ዝጉ፣ መስኮቱን በወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ሸፍኑት። የሰፈራችን ቀን ጸጥታ የለውም፦ ድምፅ ማጉያው፣ ብሎኬት አራጋፊው፣ የጎረቤት ቡና ጥሪ። የጆሮ መድፈኛ በትንሽ ብር ፋርማሲ ይገኛል። ለቤተሰብ “ጠዋት 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ለእኔ ሌሊት ነው” ብላችሁ በግልጽ ንገሩ። ለለቅሶና ለሰርግ መሄድ ግዴታ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በዚያው ማታ ናይት ካላችሁ ፈረቃ ቀይሩ ወይም ጎብኝታችሁ ቶሎ ተመለሱ።

የመጨረሻው ናይት ሲያልቅ ቀኑን ሙሉ አትተኙ። ሦስት ሰዓት ያህል ተኝታችሁ ተነሡ፣ ፀሐይ ላይ ውጡ፣ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ እንደ ሰው ተኙ። በማግስቱ ወደ ቀን ሕይወት መመለስ በዚህ ይቀላል።